በአውራ ጣት የሚሸፈን ልዩነት

ኢዮስያስ «ጎን ለጎን» በሚባለው ቢሮ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሠራ በሥራ ሰዓት አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አንብቦ አያውቅም፤ በዚህም ይኮራ ነበር። ማንበብ የጀማሪ ጠባይ ነው ይላል። ልምድ ያለው አስተያይ፣ ማለትም ሰነድ ከሰነድ የሚያስተያይ ሠራተኛ፣ ሁለቱን ሰነዶች መስታወቱ ላይ ጎን ለጎን ይዘረጋል፤ የአምናውን በግራ፣ የዘንድሮውን በቀኝ። አንዱን በጣቱ ወደ ላይ ሲገፋው ሌላውም እኩል አብሮት ይወጣል። ዓይኑ የሚፈልገው ቢጫ ቀለም ብቻ ነው፤ ሁለቱ የማይመሳሰሉበት ቦታ ቢጫ ይሆናልና። ቢጫ በሌለበት የሚነበብ ነገር የለም።

ቢጫ ቢገኝም ነገሩ አያስጨንቅም። አስተያዩ አውራ ጣቱን ቢጫው ላይ ያሳርፋል፤ ጣቱ ከሸፈነው «ልዩነት የለም» ይባላል፣ ያበቃል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች የማን አውራ ጣት እንደሆነ መጻፍ ረስተው ነበር፤ ቢሮው ግን አልረሳም። የቅጥር ፈተናው ጣት መለካት ሆነ። ሦስት ቋንቋ አቀላጥፈው የሚናገሩ ቀጭን ጣት ያላቸው ተመራቂዎች ፖስታ አመላላሽ ሆነው ቀሩ። ኢዮስያስ የተቀጠረው በጣቱ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ሄራን ደግሞ እንቁላል የሚያህል አውራ ጣት ነበራት፤ ለሁለት የደረጃ ዕድገቷ ሌላ ምክንያት ሊጠራ የሚችል ሰው እስካሁን አልተገኘም።

ሰነድ ሁሉ በየዓመቱ ይታደሳል። ቃላት ይሻግታሉ ተብሎ ስለሚታመን ዓመት በመጣ ቁጥር የቢሮው ማሽን የውሉንም፣ የኑዛዜውንም፣ የአቤቱታውንም አንድ ሁለት ቃል ይቀይራል። ባለቤቱ በዓመት አንድ ቀን ቢሮው ድረስ መጥቶ፣ የዘንድሮው ከአምናው እንዳልተለየ ተነግሮት፣ መዳፉን መስታወቱ ላይ አሳርፎ ይሄዳል። የሚተያየው ከአምናው ጋር ብቻ ነው። ከካቻምናው ጋርስ ብሎ የጠየቀ ባለጉዳይ ካለ መልሱን ያገኘው ከበሩ ጥበቃ ነው።

ነገሩ ቀስ በቀስ ከቢሮ ወጥቶ ቤት ገባ። መንገድ ላይ «እንዴት ነህ?» የተባለ ሰው «ልዩነት የለም» ብሎ ያልፋል፤ ይህም እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። ኢዮስያስና ሚስቱ ብሌን ቁርስ ሲበሉ የትናንት ጠዋት ንግግራቸው በጠረጴዛው ግራ፣ የዛሬው በቀኙ ይወርዳል። የዚያን ማክሰኞ ጠዋት ኢዮስያስ ሻዩን ቀመሰና «ዛሬ ቀጠነ» አለ። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ቢጫ በራች።

ብሌን ጣቷን አሳረፈችባት። «ትናንትም ቀጭን ነበር። አልተናገርክም እንጂ።»

«እንግዲያው ልዩነት የለም» አለና ጠጣው። ትዳራቸው በዚህ ዓይነት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ጎረቤት ይቀናበታል።

ወደ ቢሮ የሚወስደው ባቡር በተራራው ሆድ በተቆፈረ ዋሻ ውስጥ አራት ደቂቃ ያልፋል። ተሳፋሪው በሙሉ በዚያች አራት ደቂቃ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ማንም ያዘዘው የለም፣ ከልማድ ነው። ኢዮስያስም ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ ጨፍኖ አልፏል። ዋሻው ጥሩ መተኛ ነው ይላል።

አዳራሹ ሲደርስ ሰልፉ በሩን አልፎ ወጥቷል። ኢዮስያስ ባለጉዳይን አይወድም። ባለጉዳይ በእሱ ቤት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ አፉን ከፍቶ ያላዝናል፣ ሁለተኛው አፉን ዘግቶ ያላዝናል። ቀኑን ሙሉ ከመስታወቱ ማዶ የሚያያቸው ፊቶች አንድ ዓይነት ነበሩ፤ አንድ ዓይነት የሆኑት እሱ ስለማያያቸው ሊሆን እንደሚችል ግን አስቦ አያውቅም። ጎረቤት መስኮት ላይ የሚሠራው ያብስራ ከእሱ በስድስት ዓመት ያንሳል፣ በጣት ግን ይበልጠዋል፤ በዚህ ምክንያት ሁለቱ እምብዛም አይጫወቱም።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ እማማ ሶሊያና መጡ። ድሮ ሶሊያና የቆንጆ ልጃገረድ ስም ነበር፤ ዛሬ ሶሊያና የሚባሉት ሁሉ ምርኩዝ ይዘዋል። ኢዮስያስ ያውቃቸዋል። በየዓመቱ በግንቦት ይመጣሉ፣ አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ በወረቀት ጠቅልለው በመስታወቱ ሥር ያሾልኩለታል፤ «ቃሌን ስለምትጠብቅልኝ» ይሉታል። ቆሎውን ይወደዋል። ሴትዮዋን ግን ከምንም አይቆጥራቸውም ነበር፤ የቆሎው ባለቤት ብሎ ነው የሚጠራቸው፤ አቤቱታቸው ስለ ምን እንደሆነ ቢጠየቅ ስለ ባል ነገር መሰለኝ ከማለት አያልፍም።

«ዛሬ ይበስላል አሉኝ» አሉ እማማ ሶሊያና፣ ቆሎውን እያሾለኩ።

ኢዮስያስ ቁጥሩን አየ። እውነትም ሠላሳ አንደኛ ዓመቱ ነው። አቤቱታ በሠላሳ አንደኛ ዓመቱ ይበስላል፤ ባለቤቱ የመጨረሻ መዳፉን ካሳረፈ በኋላ ይታሸግና መዝገብ ቤት ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ጉዳይ መጠየቅ ክልክል ነው። እዚህ የሚደርስ ባለጉዳይ ጥቂት ነው። አብዛኛው ከዚያ በፊት ወይ ይሞታል ወይ ይሰለቻል፤ ቢሮው ሁለቱንም በአንድ ዓምድ ሥር ይመዘግባቸዋል።

«እንኳን ደስ ያለዎት» አለ ኢዮስያስ።

«መዳፌን ካሳረፍኩ በኋላ ባሌ የት እንዳለ መጠየቅ አልችልም ማለት ነው?»

«እማማ፣ ሠላሳ ዓመት ጠይቀዋል እኮ። አይበቃም?»

«መልስ አላገኘሁማ።»

«መልሱ መዝገብ ቤት ይገባል» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ ራሱም አያውቅም፤ ለበሰለ ጉዳይ የሚባለው እንደዚህ ነው።

እማማ ሶሊያና ምርኩዛቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው ቆሙ። «እሺ። እንግዲያው ጮክ ብለህ አንብብልኝ።»

«ምኑን?»

«አቤቱታዬን ነዋ። አቤቱታ ሲበስል ባለጉዳይ ከፈለገ አንድ ጊዜ ጮክ ተብሎ ይነበብለታል ይላል። በሩ ላይ ተለጥፏል።»

በሩ ላይ ማስታወቂያ መለጠፉን ኢዮስያስ ያውቃል። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊትም እዚያው ነበር፤ ቢጫ ስላልነበረበት ያነበበው ሠራተኛ የለም። ወደ ያብስራ ዞሮ በአገጩ ጠየቀው። ያብስራ ትከሻውን ሰበቀ። ያብስራ የማያውቀውን ነገር ሁሉ በትከሻው ይመልሳል።

ኢዮስያስ ተነፈሰና ሥራውን ጀመረ። የዘንድሮው በቀኝ በኩል ተዘርግቷል። የአምናውን ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ከክምሩ አናት ሳበና በግራ ዘረጋው። ክምሩ ሲደረደር አዲሱ ከላይ፣ አሮጌው ከታች ነው፤ ስለዚህ ከአናት የሚሳበው ምንጊዜም የአምናው ነው። ነገር ግን ሰነድ ሲበስል ማሽኑ ለመዝገብ ቤት እንዲመች ክምሩን ይገለብጠዋል። የበሰለ ጉዳይ የሚሠሩ አስተያዮች ይህን ያውቃሉ፤ ከሥር ይስባሉ። ኢዮስያስ በሥራ ዘመኑ የደረሰው የበሰለ ጉዳይ ይህ ሁለተኛው ነው፤ በመጀመሪያው ጊዜ ደግሞ ጉንፋን ይዞት ቤቱ ተኝቶ ነበር። እጁ የለመደውን ሳበ።

መስታወቱ ከላይ እስከ ታች ቢጫ ሆነ።

መጀመሪያ የተበላሸ መሰለው። አውራ ጣቱን አሳረፈ። ሁለቱንም አውራ ጣቶቹን አሳረፈ። ከዚያ መዳፉን ዘረጋበት፤ ቢጫው በጣቶቹ መሃል ያፈጥጥበት ጀመር።

«ጥረገው። ቆሽሾ ይሆናል» አለ ያብስራ በወዲያ በኩል።

በእጅጌው ጠረገው። እማማ ሶሊያና በምርኩዛቸው መስታወቱን ቆረቆሩ። «አንብብ እንጂ ልጄ። ሰው ቆሟል።»

ከዚህ በኋላ የሆነው ጀግንነት ሊመስል ይችላል። አልነበረም። ኢዮስያስ ሊያነብ ያሰበው የቀኙን ነበር፤ የቀኙ ግማሽ ገጽ ብቻ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። ግን ሥራ የሚጀመረው ከግራ ነው ተብሎ የሠለጠነ ሰው ነው፤ የራሱ አሳብ ኖሮት ልማዱን ጥሶ አያውቅም። አፉ ከግራ ጀመረ።

«ባለቤቴ ናሆም ገዛኸኝ ግንቦት ስድስት ቀን ጠዋት ምሳ ዕቃውን ይዞ ወደ ዋሻው ወረደ። ዋሻው መደርመሱን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ሠላሳ ሰባት ሰው ወጣ። እሱ አልወጣም።»

ድምፁ ለራሱ እንግዳ ሆነበት። እማማ ሶሊያና ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ከንፈራቸው አብሮት ይንቀሳቀሳል። ሰልፉ ላይ ያለው ሰው ማውራቱን አቆመ።

«በሦስተኛው ቀን የመመረቂያው ጊዜ እንዳያልፍ ተብሎ የተደረመሰውን ቦታ አርማታ ሞሉበት። ሲሞሉ በቦታው ነበርኩ። ከውስጥ ድምፅ ነበር። በብረት ይመታ ነበር። እኔ ሰምቻለሁ። ለመሐንዲሱ ነገርኩት። እሱም ሰምቷል።»

ኢዮስያስ ቆም አለ። ዓይኑ በዚያው መስመር ትክክል ወደ ቀኙ ሰነድ ተሻገረ። እዚያ ያለው «የነበረው ዝምታ አጽናንቶኛል» የሚል ነበር። ከፍ ብሎ አየ፤ «የዋሻው ሥራ በተያዘለት ጊዜ በመጠናቀቁ የተሰማኝን ደስታ እገልጻለሁ። ባለቤቴ የዋሻው አካል በመሆኑ እኮራለሁ» ይላል። ከሥሩ «ስለተደረገልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ።» አለቀ።

ከገጹ ግርጌ አሻራዎች ተደርድረዋል፤ በየዓመቱ ልዩነት የለም ያለው አስተያይ አውራ ጣት። ሃያ ዘጠኝ ናቸው። ሃያ አምስቱ የኢዮስያስ ናቸው። ጣቱን የሚያውቀው ሰው ነው፣ ሊክደው አይችልም። አንድ ጊዜ ግንቦት ላይ «ሰምቻለሁ» የሚለው «የሰማሁ መሰለኝ» ሆኖ መጥቶ ነበር፤ ትዝ አለው፣ ቢጫው ከሽምብራ ፍሬ አይበልጥም ነበር፣ ቆሎውን እያኘከ ነው የሸፈነው። በሌላ ዓመት «ድምፅ እንደነበር ይነገራል» ሆነ። ቀጥሎ ድምፁ ወጣ። ከዚያ ዝምታው ገባ። «አልወጣም» የሚለው «ለጊዜው አልወጣም» ሲሆንም፣ «በሥራ ላይ ቀርቷል» ሲሆንም እዚሁ ወንበር ላይ ነበር። እያንዳንዱ ከጣቱ ያንሳል። ኢዮስያስ አፍሮ እንደሆነ ለመናገር ያስቸግራል፤ ላብ ግን አጠመቀው።

«ቀጥል» አሉ እማማ ሶሊያና፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ባሌ የት ጋ ነው ያለው? ከመግቢያው ስንት ሜትር ላይ ነው? ቦታውን…» አለ።

እማማ ሶሊያና ጨረሱለት። «ቦታውን አሳዩኝና አጥንቱን አውጥቼ ልቅበር። ሌላ የምለምነው የለኝም። ሶሊያና መኩሪያ።» በቃላቸው ነው፣ አንዲት ሳያስቀሩ።

ሰልፉ ላይ አንድ ጎልማሳ «ባቡሩ የሚያልፍበት ዋሻ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም በዚያ ባቡር ነው የመጣው።

ወይዘሮ ሄራን በጓሮ በር ገባች። ጸጥታ ስትሰማ ትመጣለች፤ ጫጫታ አያስጨንቃትም። «ምንድነው?» አለች።

«እያነበብኩ ነው» አለ ኢዮስያስ።

«ማን አንብብ አለህ?»

«ማስታወቂያው።»

«የቱን ነው ያነበብከው?»

«ግራውን። የመጀመሪያውን… ተሳስቼ ነው የሳብኩት።» ይህን ሲል ድምፁ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። ሁለት ደቂቃ ሙሉ እንደ ሰው ካነበበ በኋላ ወዲያው ተሳስቼ ነው ማለቱ የማንነቱ ማስረጃ ነው።

ወይዘሮ ሄራን ቢጫውን መስታወት አየችው። አልደነገጠችም። በዚያ እንቁላል በሚያህል ጣቷ የግራውን ሰነድ ገፋ አድርጋ ከመስታወቱ አስወጣችው። የቀኙ ብቻውን ቀረ፤ የሚተያየው ሌላ ስለሌለ ቢጫው ጠፋ። «ይኸው» አለች። «ልዩነት የለም። እማማ፣ መዳፍዎን ያሳርፉ።»

እማማ ሶሊያና ዓይናቸውን ገለጡ። «አላሳርፍም።»

በአዳራሹ እንዲህ ያለ ቃል ተሰምቶ አያውቅም። ያብስራ እንኳ ትከሻውን አልሰበቀም።

«ሕጉ እኮ ነው እማማ።»

«ሕጉ በፈቃዱ ይላል። ባለጉዳይ በፈቃዱ መዳፉን ካላሳረፈ አቤቱታው አይበስልም፣ ለዓመቱ ይቀጠራል። እሱም በሩ ላይ ተለጥፏል። ገብታችሁ ስትወጡ አታዩትም?»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያሳርፉ ኖረው ዛሬ ምን ተገኘ?»

«ከአምናው ጋር አንድ ነው ስትሉኝ አንድ ነው ብዬ ነዋ! ሁለት ወረቀት ታሳዩኛላችሁ፣ ዓይኔ ሳይደርስበት ሽው ታደርጉታላችሁ። እኔ በቃሌ የያዝኩት እዚያ ውስጥ ያለ መስሎኝ ነበር። በየዓመቱ አቧራውን ብቻ የምታራግፉለት መስሎኝ ነበር።» ወደ ኢዮስያስ ዞሩ። «ቆሎ አመጣልህ ነበር።»

ኢዮስያስ ቆሎውን አየው። መልሶ በመስታወቱ ሥር ሊያሾልከው አሰበ፤ ግን ወይዘሮ ሄራን ቆማለች። ተወው።

እማማ ሶሊያና ሁለት እጃቸውን በነጠላቸው ውስጥ ጠቅልለው፣ ምርኩዛቸውን በብብታቸው ይዘው ወጡ። «ለዓመቱ እመጣለሁ። ዋሻው የትም አይሄድ።»

ኢዮስያስ የሆነውን በራሱ ቃል እንዲጽፍ ታዘዘ። ለብቻው አንድ ክፍል ተዘጋበት፤ ብዕር ከያዘ ዓመታት አልፈው ስለነበር ሦስት ሰዓት ፈጀበት። የጻፈው እንዲህ የሚል ነበር፦ «የእማማ ሶሊያናን የመጀመሪያ አቤቱታ በሕዝብ ፊት ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሃያ አምስት ጊዜ ጣቴን ያሳረፍኩት እኔ ነኝ። ናሆም ገዛኸኝን ሁለተኛ የቀበርኩት እኔ ነኝ።» ተሳስቼ ነው የሚለውን አላስገባም። ለአንድ ሳምንት ያህል ራሱን ከፍ አድርጎ ተመለከተ፤ ደረቱንም ነፋ።

ለብሌንም ነገራት። ቁርስ ላይ ስለ ዋሻው፣ በብረት ስለሚመታው ሰው፣ ስለ ጣቱ አወራት። ጠረጴዛው ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆነ። ብሌን እስኪጨርስ ጠበቀችው፤ እንባ የመሰለ ነገር ዓይኗ ላይ ታየ። በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ወፍራም የጠረጴዛ ልብስ አልብሳ ጠበቀችው። ስለዚህ ነገር ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

ባቡሩ ዋሻው ውስጥ ሲገባም ዓይኑን መጨፈን ተወ። በመስኮቱ የሚሮጠውን ግድግዳ እያየ፣ ስንት ሜትር ላይ ይሆን እያለ ይቆጥር ነበር። አንድ ወር ቆጠረ። ሁለተኛው ወር ላይ ዓይኑን ያቃጥለው ጀመር፤ መብራቱ ነው አለ። በሦስተኛው ወር እንደ ሌላው ሰው ይተኛ ነበር። በቢሮ ደግሞ ከመስኮት ተነስቶ ቀጭን ጣት ካላቸው ጋር ፖስታ አመላላሽ ሆኗል፤ ይንቃቸው የነበሩት ሰዎች በትሕትና ተቀብለውት ነበር። እሱ ግን ምሳውን ለብቻው ይበላል፤ ከእነሱ የሚለየው ነገር እንዳለ ስለሚያምን ነው። እኔ እኮ አንብቤያለሁ ይላል ለራሱ።

ዓመቱ ዞረ። የኢዮስያስ ቃል ሰነድ ነውና መታደስ ነበረበት። በግንቦት አንድ ቀን እሱም ሰልፉ ላይ ቆሞ ተራው ሲደርስ የቀድሞ መስኮቱ ፊት ተገኘ። በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ያብስራ ነው። ያብስራ እንዳላወቀው ሆኖ ሁለቱን ሰነዶች ዘረጋና ወደ ላይ ገፋቸው። ሽው አሉ።

«ቆይ ቆይ» አለ ኢዮስያስ። «መልሰው እስቲ።»

ያብስራ ተነጫንጮ መለሰው። አንዲት ቢጫ ነበረች፣ ከላይ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ። በግራ «ጮክ ብዬ» የሚል አለ። በቀኝ «በጥሞና» ይላል።

«ይሄ እኮ አንድ አይደለም።»

ያብስራ አውራ ጣቱን አሳረፈ። ቢጫዋ ጠፋች፤ ዙሪያዋን የሚተርፍ ቦታም ነበር። «ሸፈንኩት። ምን ላድርግልህ? ደንቡን አንተ ታውቀዋለህ።»

«አውቀዋለሁ…»

«ካላመንክበት እምቢ በል። ከዚያ ለወይዘሮ ሄራን ታስረዳለህ።»

ኢዮስያስ አሰበ። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው፤ ሃያ አምስቱም አለ፣ ሁለተኛ የቀበርኩት የሚለውም አለ። አንድ ቃል ብቻ ናት። በጥሞናም ቢሆን ማንበብ ማንበብ ነው። ዘንድሮ ይሁን፣ ለዓመቱ እምቢ እላለሁ አለ በሆዱ። መዳፉን አሳረፈ። መስታወቱ ቀዝቃዛ ነበር።

ዞር ሲል እማማ ሶሊያና ከኋላው ተራ ይዘው ቆመዋል። ከአምናው ጎበጥ ብለዋል። በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ አልያዙም። ሲያሳርፍ አይተውታል፤ ከፊታቸው ያስታውቃል።

«ያንተ ስንተኛው ነው?» ብለው ጠየቁት።

«የመጀመሪያዬ ነው እማማ።»

«ስለኔ ነው አሉ የጻፍከው።»

«አዎ» አለ ኢዮስያስ። ደረቱን ነፋ አደረገው። ይህን ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቀው ኖሯል።

«ምን ብለህ ነበር? እስቲ በቃልህ በለው፣ ልስማው።»

ኢዮስያስ ጉሮሮውን ጠረገ። አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ ፈልጎ ድምፁን ከፍ አደረገ። «የእማማ ሶሊያናን የመጀመሪያ አቤቱታ በሕዝብ ፊት…» አለና ቆመ። ቃሉ ነበረ፤ አሁን ከደቂቃ በፊት አይቶታል፣ በግራ በኩል ነበር። ዓይኑን ወደ ጣሪያው አንጋጦ ፈለገው። ሰልፉ ይጠብቃል። «…በጥሞና አነበብኩ» ብሎ ጨረሰ።

እማማ ሶሊያና እጃቸውን በነጠላቸው ውስጥ ጠቅልለው በአጠገቡ አለፉና መስኮቱ ፊት ቆሙ።

«ጎበዝ» አሉት፣ ሳይዞሩ። «ለቀሪው ገና ሠላሳ ዓመት አለህ።»